ይቺ ሐረግ ትታረምልን

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በከተማችን በጎንደር ስለተጀመረው የዲዛይንና ቴክኖሎጂ ትምህርት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በደስታ፣ ቀጥሎ በንዴት። ስለ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች የተጻፈው እውነት ነው። ልጆቹም ደስ ብሏቸዋል። ያናደደኝ «በከተማዋ ለትምህርቱ መሠረት የሚሆን ልምድ ባለመኖሩ» የምትለዋ ሐረግ ናት።

ከሐረጓ በላይ የወጣው ፎቶ ደግሞ የፋሲል ግንብ ነው!

አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ነው። ድንጋይና ኖራ ይዘው እነዚያን ግንቦች ያቆሙ ሰዎች ሳይለኩ፣ ሳያሰሉ፣ ያፈረሱትን መልሰው ሳይሠሩ ነው? ግቢውን የሚዞረው አጥር ብቻ 900 ሜትር ነው። በግምት የቆመ አጥር ይህን ሁሉ ዘመን አይከርምም።

እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት እዚሁ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ነው። አባቴ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ እየሰደደ ክር ይቆጥር ነበር። አንዲት ክር ከሳተ ጥለቱ ይዛነፋል። ያኔ ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። ወረቀት ላይ ነድፎ አያውቅም፤ ንድፉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር። ትምህርት ቤት ግን «የሸማኔ ልጅ» የምባለው ለስድብ ነበር። አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋማ ከዚያም የከፋ ስም ነበራቸው። እናንተ «ልምድ የለም» ስትሉ እኔ ያንኑ ስድብ ነው የሰማሁት። ቃሉ ጨዋ ስለሆነ አልቀለለኝም።

ዘገባው እንግሊዝን በምሳሌነት አንስቷል። ጥሩ። እንግሊዝ ውስጥ ይህ ትምህርት በብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርቱ የገባው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ልጆቹ እዚያ እንጨት ይቆርጣሉ፣ ጨርቅ ይሰፋሉ፣ ምግብ ያበስላሉ። ኮምፒውተሩ ከመሣሪያዎቹ አንዱ ነው። ፊንላንዶች ደግሞ የእጅ ሥራን በሕዝብ ትምህርት ቤቶቻቸው ያስገቡት በ1866 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም። ታዲያ እኛ ጋ ሲደርስ ትምህርቱ በኮምፒውተር የሚጀምረው ለምንድነው?

ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ልጆች ጋር የምሠራው ከአዲሱ የኮምፒውተር ክፍል አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። መጋዙንም መዶሻውንም ከደሞዜ ነው የገዛሁት። ዘጋቢያችሁ የመጡ ዕለት በራችን ክፍት ነበር። አልፈውን ሄዱ።

ገብተው ቢሆን ሳጥኑን ያዩት ነበር። አንዷ ተማሪዬ እናቷ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ መንደር ሸክላ ይሠራሉ። ምጣዱ በባጃጅ ከተማ ሲመጣ መንገድ ላይ እየተሰበረ ያከስራቸዋል። ልጆቹ ይህንን ችግር ይዘው ተነሱ። ምጣዱን ለኩ፣ የባጃጁን የኋላ ወንበር ለኩ። ሳሉ። በካርቶን ሞከሩ፣ ከዚያ በእንጨት ሠሩ። የመጀመሪያው ሳጥን ማዕዘኑ ላይ ተላቀቀ። ለምን እንደተላቀቀ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተከራከሩ፤ እኔ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ላይ አግድም እንጨት መቱበት። እሱ ጠነከረ፣ ምጣዱ ግን ውስጡ እየተንገጫገጨ ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ላይ ጭድ ጎዘጎዙ። ምጣዱ ከወለቃ ፒያሳ ደህና ገባ። ዲዛይን ማለት ይኸው ነው። ቴክኖሎጂም ይኸው ነው። እንዲያውም ምጣዱ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ያስረዷቸው የልጅቷ እናት ናቸው። ያን ቀን አስተማሪዋ እሳቸው ነበሩ።

ልጅቷ ዘገባችሁን ስልክ ላይ አንብባ መጣች። «ቲቸር፣ የእማዬ ሥራ ልምድ አይባልም ማለት ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለእሷ መልስ ስላጣሁ ነው።

ኮምፒውተር አይምጣ አላልኩም። ሳጥኑን በኮምፒውተር ቢስሉት ደስ ይለኛል፤ ልኬቱን ለማስተካከልም ይቀላቸዋል። የምጠይቀው አንድ እርማት ነው። «ልምድ ባለመኖሩ» የሚለው ይውጣ። በምትኩ ግንበኛው፣ ሸማኔው፣ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ እዚህ እንዳሉ ይጻፍ። እርማቱም ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ ይሁን፤ ልጅቷ እንድታገኘው።

ዘጋቢያችሁ ተመልሰው ቢመጡ ደግሞ ዓርብ ከሰዓት ክፍል ውስጥ ነን። ልጆቹ አራተኛውን ሳጥን ጀምረዋል። ይሄኛው ሁለት ምጣድ ይይዛል።

መምህር ነኝ፣ ከጎንደር