ስለዚያ ሹራብሽ

ሰብልዬ፣

እንዴት ነሽ? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ዓይኔን በጨው አጥቤ እጽፍልሻለሁ። ስልክሽን ሳላነሳ የቀረሁት ታምሜ ወይም ተቀይሜ አይደለም። "ምን አስቀየምኳት?" እያልሽ ሰው ስትጠይቂ እንደነበር ሰምቻለሁ። ምንም አላደረግሽም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ከፔሩ ያመጣሽው፣ አልፓካ ከምትባለው የተራራ እንስሳ ፀጉር የተሠራው ቡናማ ሹራብ ትዝ ይልሻል? ለጉዞ ያዋስሽኝ። አውልቀሽ ስትሰጪኝ "አደራ" ብለሽኝ ነበር። ስመለስ አጥቤ ልስጣት ብዬ ከአንሶላና ከፎጣ ጋር ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተትኩት። ውሃው 60 ዲግሪ። ሳወጣው የአምስት ዓመት ልጅ ልብስ አክሏል። ወፍሯል፣ ደርቋል፣ ብጎትተው ንቅንቅ አይልም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ።

ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር። ኋላማ ዝምታዬ ራሱ ሌላ ዕዳ ሆነብኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመጣውን ጥቅል ፍቺው። የአልፓካ ሹራብ ነው፣ እውነተኛ። እውነተኛ ብዬ የምምለው አንዴ ስለተሸወድኩ ነው። ይህ ሁለተኛው ግዢዬ ነው።

የመጀመሪያውን ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። "መቶ በመቶ ቤቢ አልፓካ" ይላል። ተራራ አለ፣ አንገቷን ያሰገገች አልፓካ አለች። ዋጋው እንደዚያ ሲረክስ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን ጥፋቴን ቶሎ ለመሸፈን ቸኩያለሁ። ሲደርስ ለስላሳ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ደስ አለኝ። ለብሼ ሳወልቀው ግን ጠጠጠ ብሎ ፀጉሬን አቆመው። ትንሽ ስራመድበት ደግሞ አላበኝ። ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር መዝዤ በወረንጦ ይዤ እሳት አስነካሁት። ቀለጠ። ጫፉ ላይ ጥቁር ጠንካራ ጠብታ ሠራ፣ የላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። አክሪሊክ ነው እንግዲህ፣ የፕላስቲክ ክር።

ከዚያ ካንቺው ሹራብ አንድ ክር ወስጄ እንደዚያው አደረግሁ። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ፣ ቶሎ ጠፋ፣ አመዱ በጣቴ ሲነካ ፍርስርስ አለ። ልዩነቱ ቁልጭ ያለ ነው። ብቻ አንድ ነገር ልብ በይ፤ የበግ ፀጉርም ሲቃጠል እንዲሁ ነው። እሳት ፕላስቲኩን ያጋልጥልሻል፣ አልፓካን ከበግ አይለይልሽም። ሱቅ ገብተሽ ደግሞ ክር ማቃጠል አይቻልም!

ስለዚህ ሁለተኛውን ስገዛ ከውስጥ የተሰፋውን ምልክት አነበብኩ። ውጪ የሚንጠለጠለው ካርድ ላይ የፈለጉትን ይጽፋሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ ሕጉ የጨርቁ ይዘት በመቶኛ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ያ ቁጥር ነው የሚፈለገው። መቶኛው ከሌለ እኔ ገንዘቤን አላወጣም። ሲዳሰስም ይታወቃል። አልፓካ ይንሸራተታል፣ ከበድ ብሎ ወደ ታች ይፈስሳል። ያ የሸወደኝ ግን እንደ ስፖንጅ ተነፍቶ ይቆም ነበር።

ቅይጥ ሁሉ ሌብነት ነው ማለቴ አይደለም። አልፓካ እንደ በግ ፀጉር ተስቦ የመመለስ ጉልበት የለውም፤ የበግ ፀጉር ሲገባበት ቅርጹን ይይዛል። ካልሲ ላይም ትንሽ ናይለን ቢኖር ቶሎ አይቀደድም። ለአንገት ልብስ ግን ንጹሑን ነው የምመርጠው። የሚያናድደኝ የአልፓካው ድርሻ ኢምንት ሆኖ ስሙ በትልቁ ሲጻፍ ነው።

"ቤቢ" የሚለው ነገር ደግሞ ስንት ጊዜ አሳዝኖኛል መሰለሽ። ግልገሎቹን ነው የሚሸልቱት ብዬ! ለካ የቅጥነት ደረጃ ነው። በፔሩ አከፋፈል ቤቢ የሚባለው ውፍረቱ ከ23 ማይክሮን ያልበለጠ ፀጉር ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። እንስሳዋ አሮጊትም ትሁን፣ ፀጉሯ ከቀጠነ ቤቢ ነው። ከ30 ማይክሮን በላይ ሲሆን አንገት ላይ ይኮሰኩሳል። ስለዚህ "አልፓካ አያሳክክም" ያለሽን ሰው ሁሉ አትመኚ፤ የትኛው አልፓካ ብለሽ ጠይቂ።

እንስሳዋን ወደድኳት። የግመል ዘመድ ናት፣ ፊቷን ስታዪው ይገባሻል። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ አንዲስ ተራሮች ላይ 4,000 ሜትር አካባቢ ትኖራለች፤ ቀን ፀሐይ ይለበልባል፣ ሌሊት ውርጭ ነው። የዚያ አገር ሰዎች ቪኩኛ ከምትባለው የዱር ዘመዷ ያላመዷት በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ነው። በዓለም ካሉት አብዛኞቹ ዛሬም ፔሩ ውስጥ ናቸው። በዓመት አንዴ ትሸለታለች። ሁለት ዓይነት ናት፤ ሁዋካያ እንደ ጥጥ ብን ያለ ፀጉር አላት፣ ሱሪ ደግሞ እንደ ሐር የተዘናፈለ። ስሙን ስሰማ እኔም ስቄያለሁ፤ ከምንለብሰው ሱሪ ጋር ምንም አያገናኘውም። የላክሁልሽ የሁዋካያ ነው። ቀለም አልተነከረም፤ ያ ግራጫ የራሷ ነው።

አሁን ወደ አጠባው። በኔ የደረሰ ባንቺ አይድረስ።

ፀጉሩ ላይ በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለ። ውሃ፣ ሳሙናና ሙቀት ያላሉታል፤ ማሽኑ ሲያንገላታው አንዱ ክር ሌላው ውስጥ ይሰነቀራል። አንዴ ከተቆላለፈ መፍቻ የለውም። ሞክሬያለሁ፤ ዘፍዝፌ፣ ጎትቼ፣ ጸልዬም ጭምር።

መጀመሪያ ነገር፣ ቶሎ ቶሎ አትጠቢው። ለብሰሽ ስትመለሺ ነፋስ ያለበት ጥላ ውስጥ ዘርግተሽ ብታሳድሪው ይበቃዋል። የግድ ሲሆን ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ትንሽ ለስላሳ ሻምፖ። በእጅሽ ጫን ጫን እያደረግሽ ለጥቂት ደቂቃ። ማሸት የለም፣ መጭመቅ የለም። የምታለቀልቂበትም ውሃ ያው ቀዝቃዛ ይሁን። ስታወጪው በሁለት እጅሽ ከሥር ደግፈሽ አንሺው፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ በትከሻው ካንጠለጠልሽው እጅጌው ጉልበትሽ ላይ ይደርሳል። በደረቅ ፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚው፣ ከዚያ ሌላ ፎጣ ላይ ቅርጹን አስተካክለሽ አስጪው። ፀሐይና ማሞቂያ አይንካው። ሁለት ቀን ይፈጅ ይሆናል፤ ታገሺው።

ሲደርቅም መስቀያ ላይ አታድርጊው፣ አጥፈሽ አስቀምጪ። ብብቱ ሥር ኳስ ኳስ ሲሠራ አትንጪው፤ በመቀስ ጫፍ ቀስ ብለሽ ቁረጪ። መጀመሪያ ሰሞን ይበዛል፣ ኋላ ይቀንሳል።

ከሁሉ የምፈራው ብል ነው። የሚበላው ትንሹ ትል ነው፣ የምትበርዋ አይደለችም። ላብና ምግብ የነካውን ደግሞ አብልጦ ይወዳል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጪው ከሆነ ታጥቦ፣ ሙልጭ ብሎ ደርቆ፣ በሚዘጋ ከረጢት ይግባ። ናፍታሌን አልወድም፤ ሽታው ከልብሱ ጋር አብሮሽ ይዞራል። ከጠረጠርሽ ከረጢቱን እንዳለ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ክተቺው። ቤተሰቡ ቢስቅብሽም።

ልክሽን ገምቼ ነው የገዛሁት፤ ሰፋ ካለሽ እጅጌውን አጥፊው። ጠበበኝ ካልሽኝ ግን በእውነት እኔ አላጠብኩትም።

ጥቅሉ ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ታገኛለሽ። ያ ቡናማው ሹራብሽ ነው። መጣል አቃተኝ። ሲደነድን ወፍራምና ሞቃት ስለሆነ ከጀርባው ሁለት ጥንድ የጫማ ውስጥ ንጣፍ ቆረጥኩበት። አንዱን ጥንድ አሁን እግሬ ሥር አድርጌዋለሁ። ሌላው ያንቺ ነው፤ ቁጥርሽ 38 ነበር አይደል?

ያንቺው