ለጅማ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ላፕቶፕ፦ የድጋፍ ጥሪ

በአገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ የጅማ ልጆች፣ ለጎረቤቶቻችን፣ ጅማ ተምራችሁ ወይም ሠርታችሁ ለሄዳችሁ ሁሉ፦ ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ የኮሚቴያችን አባል የልጁን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ደብተር ሲገልጥ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ በእስክሪብቶ የተሳለ ኪቦርድ አገኘ። ቁልፎቹ በማስመሪያ ተሰምረዋል፣ ፊደሎቹ በየቦታቸው ናቸው። ልጁ ማታ ማታ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ስሙን "ይጽፍበታል"። ምን እያደረግህ ነው ቢለው፣ "አባዬ፣ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ፈተና ላይ ይመጣል" አለው። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር የለውም እንዳይባል አለው። አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸው፣ ዳንቴል ለብሰው ተቀምጠዋል። ግማሾቹ አይነሱም፤ የሚነሱትንም ይበላሻሉ ተብሎ የሚነካቸው የለም።

ይህ ኮሚቴ የተቋቋመው በዚያ ደብተር ምክንያት ነው። ሰባት ወላጆችና ሁለት መምህራን ነን። የምንጠይቃችሁም በትምህርት ቤታችን 7ኛና 8ኛ ክፍል ላሉት 186 ልጆች ለእያንዳንዳቸው አንድ ላፕቶፕ እንድናደርስ እንድታግዙን ነው። ልጆቹ ይዘውት ወደ ቤት የሚሄዱት፣ 8ኛ ክፍልን ሲጨርሱ ለታናናሾቻቸው የሚያስረክቡት ይሆናል።

ለምን ለእያንዳንዱ? አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። አምስት ልጅ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲሰባሰብ ማውሱን የሚይዘው ያው ደፋሩ ነው፤ ከኋላ የቆመችው ልጅ የምታየው የጓደኛዋን ትከሻ ነው። ደግሞ ጊዜ የለንም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ዛሬ 7ኛ ክፍል ያለ ልጅ እዚያ ለመድረስ አምስት ዓመት ብቻ ነው ያለው። ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጠው በፈተናው ዕለት ጠዋት ከሆነ፣ ፊዚክሱን የቱንም ያህል ቢያጠና ሰዓቱ የሚያልቅበት ቀስቷን ስክሪኑ ላይ ሲያባርር ነው።

"ደብተር መግዣ ያጣ ልጅ እያለ ላፕቶፕ ቅንጦት አይሆንም ወይ?" ያሉን አንድ የእድራችን አባት ናቸው። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ እኛም ብዙ ተከራክረንበታል። በየጳጉሜው የምናሰባስበው የደብተርና የዩኒፎርም መዋጮ እንደ ወትሮው ይቀጥላል፤ ከዚያ ሳንቲም አንነካም። በሌላ በኩል ግን ልጆቻችን ዛሬም አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ለሦስት ነው የሚካፈሉት። የመጽሐፎቹ ፒዲኤፍ ግን አለ። አንድ ላፕቶፕ የዓመቱን መጻሕፍት በሙሉ ይይዛል፤ የአፋን ኦሮሞውንም የአማርኛውንም። ይህን ስንነግራቸው እኚሁ አባት "እንዲያ ከሆነስ መጽሐፍ መደርደሪያ በሉት" ብለው ከሁላችን በፊት መዋጮአቸውን ሰጡ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የተሳካለትም ያልተሳካለትም አለ። በአሜሪካ የሜይን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2002 በሕዝብ ትምህርት ቤት ለሚማሩ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ፣ በዓመቱ ደግሞ ለ8ኛ ክፍሎቹ ላፕቶፕ ማደል ጀመረ። እዚያ መምህራኑ ከልጆቹ ቀድመው ማሽኑን ይዘው ሠልጥነዋል። ፔሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ላፕቶፖች አደለች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በገጠር ትምህርት ቤቶቿ ላይ የወጣው ጥናት ግን በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ያመጡት ለውጥ አላገኘም። የእኛም አገር ከዚያው ዓይነት ነጭና አረንጓዴ ላፕቶፕ በ2000 ዓ.ም. ገደማ አምስት ሺህ ያህል ደርሷት ነበር። ከእናንተ መካከል ያስታወሰ ስንት ነው?

ስለዚህ ከመምህራኑ ጀምረናል። እስካሁን 23 ያገለገሉ ላፕቶፖች ደርሰውናል፤ ዘጠኙ ለመምህራን ተሰጥተዋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜም እየተለማመዱበት ነው። (የሒሳብ መምህራችን መጀመሪያ ቀን ላፕቶፑን እንደ እንቁላል ነበር የያዙት። አሁን የፈተና ጥያቄ ራሳቸው ይተይባሉ፣ ለጸሐፊ መለመን ቀረልኝ ይላሉ።) ለ186 ልጆች፣ ለ9 መምህራንና ለመጠባበቂያ 15 ሲደመር 210 ያስፈልገናል፤ ገና 187 ይቀሩናል ማለት ነው።

አዲስ ግዙልን አንልም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ማሽኖች ላይ አይጫንም። በዚህ ምክንያት ውጭ አገር ያሉ መሥሪያ ቤቶች ደህና ላፕቶፖችን እያስወገዱ ነው። እኛ በዊንዶውስ ፈንታ ሊነክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ማስኬጃ እንጭንባቸዋለን፤ ነፃ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይም ይሠራል። ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት እናስገባበታለን። ቲክቶክ ያሳስበናል ላላችሁን ወላጆች መልሳችን ይኸው ነው፦ ልጁ ቤት ይዞት የሚመጣው ላፕቶፕ ኢንተርኔት አይፈልግም።

እንግዲህ ከማን ምን እንጠብቃለን? ውጭ ያላችሁ፣ መሥሪያ ቤታችሁ የሚጥለው ላፕቶፕ ካለ ጠይቁልን፤ ወደ አገር ቤት ስትመጡም አንድ በእጅ ሻንጣችሁ ያዙ። ለብቻው የሚመጣ ባትሪ ደግሞ አውሮፕላኑ ውስጥ ከእጃችሁ እንጂ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አይሄድም። በቡና ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ገንዘቡን የምንጠብቀው ከእናንተ ነው፤ ቡናው ተለቅሞ ሒሳብ ሲዘጋ አስቡን። ገንዘቡ የሚውለው ለባትሪ፣ ማሽኑን ለሚያፈጥኑት ክፍሎች ለራምና ለኤስኤስዲ፣ ለዲቫይደርና ለጥገና ነው። ለማስታወቂያ የሚያምር ነገር አይደለም፣ ግን ያ የተቆለፈ ክፍል ዳንቴል የለበሰው ይህ ወጪ ስላልታሰበ ነው። ግልገል ግቤ ደጃችን ሆኖ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ እኛ ቤት መብራት ሲጠፋ ግን ያው ሻማ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዓት የማይቆይ ባትሪ ያለው ማሽን ለልጅ አንሰጥም።

የጅማ አናጢዎች፣ ላፕቶፖቹ ቻርጅ እያደረጉ የሚያድሩበት ባለመደርደሪያና ባለቁልፍ ቁምሳጥን እንፈልጋለን፤ በርጩማውን ለአገር ያዳረሰ እጅ ይህ አያቅተውም። የሄርማታ መርካቶ ልብስ ሰፊዎች፣ ከሸራ የተሰፋ ቦርሳ ብትለግሱን። የእኛን ዝናብ ታውቁታላችሁ። በዚያ ላይ አንዲት እናት በስብሰባ ላይ "ልጄ ላፕቶፕ ይዛ ስትመጣ መንገድ ላይ ማን ይጠብቃታል?" ብለው ሁላችንንም ዝም አሰኝተውናል። ቦርሳው ከማንኛውም የደብተር ቦርሳ የማይለይ እንዲሆን የወሰንነው በዚያ ቀን ነው። የአንድ ሠፈር ልጆችም አብረው ይሄዳሉ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያላችሁ የኮምፒውተር ተማሪዎች፣ ከወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስጡን፤ የልጆቹን ጥያቄ እኛ አንችለውም።

ስለ ገንዘቡ፦ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው፤ የሚወጣውም በሦስት ፊርማ፣ ከሦስቱ አንዱ የመምህር። ቁጥሩ ማህተም ባለው ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። በግል ስልክ ደውሎ ወይም በግል ቴሌብር ላኩልኝ የሚላችሁ ካለ ከእኛ አይደለም። የገባውና የወጣው በየወሩ መጨረሻ እዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ አንድ ቻርጀርም ብትሆን ደረሰኝ አላት።

ላፕቶፕ የምንረከበው ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ነው። ስክሪኑ የተሰበረውን ለመለዋወጫ እንወስዳለን፤ ውኃ የገባበትን ግን እባካችሁ እዚያው አስቀሩት። ከማምጣታችሁ በፊት ፎቶአችሁንና ፋይላችሁን አውጡ፤ የረሳችሁትን እኛ ከፍተን ሳናይ እናጠፋለን። ቻርጀሩንም አብራችሁ አምጡ፤ ከደረሱን 23ቱ ስድስቱ የመጡት ያለ ቻርጀር ነው።