የዓለም ባህል ክበብ፦ ከታይዋን የአደባባይ ቡድኖች ጋር ያሳለፍነው ዓመት

የታይዋንን የበዓል ሰልፍ ቡድኖች የዘንድሮ ርዕሳችን አድርገን ስንመርጥ «የታይዋን ሰልፍ ለኛ ልጆች ምን ይረባቸዋል?» ያሉን ነበሩ። «የሌላ አገር እምነት ልታስተምሩብን ነው ወይ?» ያሉ ወላጆችም አልጠፉም። ክበባችን ያጠናል እንጂ አያመልክም። አሁንም መልሳችን ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር በንባብ አለፈ። በታይዋን የቤተ መቅደስ በዓል ሲደርስ የአማልክቱ ምስል በየሰፈሩ ይዞራል፤ ከፊት እየሄዱ መንገዱን ከክፉ መንፈስ የሚያጸዱት እነዚህ ቡድኖች ናቸው። ከታይዋኗ ዳጂያ የሚነሳው፣ ማዙ የተባለችው የባሕር አምላክ ጉዞ 9 ቀንና 8 ሌሊት ይፈጃል፤ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልጆቹን የማረካቸው ግን «ስምንቱ ጄኔራሎች» ናቸው። ክፉ መናፍስትን አሳደው የሚይዙ የአማልክት ጠባቂዎች ናቸው። በሰልፉ ላይ ጄኔራል የሚሆነው ሰው ከበዓሉ በፊት ከሥጋ ይታቀባል። ፊቱ ከተቀባ በኋላም ወሬና ቀልድ የለም።

ለወላጆች ቀን ፊቶቹን በካርቶን ሠራን። የራሳችንን ፊት ያልቀባነው ልጆቹ ስለተቃወሙ ነው። «እዚያ የተቀባ ሰው የአምላክ መልእክተኛ ነው፤ መጫወቻ አናድርገው» አሉ። ኮራሁባቸው።

በዚያ ቀን አንድ እንግዳ «እነዚህ ሰይጣኖች ናቸው?» ብለው ጠየቁ። የመለሰችላቸው ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን ናት። ጥቁሩን ፊት አነሳች። «አይደሉም። ይሄ ፋን ነው፣ ያኛው ረጅሙ ሺዬ። ጓደኛሞች ነበሩ። ድልድይ ሥር ተቀጣጠሩ። ዝናብ ሲመጣ ሺዬ ጃንጥላ ሊያመጣ ሄደ። ወንዙ ሞላ፤ ፋን ግን ቃሌን አላጥፍም ብሎ እዚያው ሰጠመ። ፊቱ የጠቆረው ለዚህ ነው። ሺዬም ከሱ በኋላ መኖር አልፈለገም።» እንግዳው ካርቶኑን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ስለቀሩት ስድስቱ ጠየቁ። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አራቱ የዓመቱን ወቅቶች የሚወክሉ መሆናቸውን ሳይቀር።

በታይዋንም ቢሆን የእነዚህ ቡድኖች ወጣቶች «ዱርዬ» እየተባሉ ይታማሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታይዋኗ ካዎሲዩንግ ከተማ በተካሄደው የዓለም ጨዋታዎች የስፖርት ውድድር መክፈቻ ላይ ግን የእንዲህ ያሉ ቡድኖች አባላት «ሦስተኛው ልዑል» የተባለውን ልጅ አምላክ ትልልቅ አሻንጉሊቶች ለብሰው በሞተር ሳይክል ገብተው ስታዲየሙን አደመቁት። ልጅን ሥራውን ሳያዩ መፈረጅ የትም አገር አለ።

በሁለተኛው ሴሚስተር ክፍላችን ለሌላ ሥራ ስለተወሰደ ብዙ ጊዜ አልተገናኘንም። ያሰብነው የጄኔራሎቹ የእርምጃ ትርኢትም ቀረ። ቀለሙን የገዛነው ከኪሳችን አዋጥተን ነው፤ የስፖርት ክበባት ግን ዘንድሮም አዲስ ማሊያ ለብሰዋል። እሰየው፣ ግን እኛም የዚሁ ትምህርት ቤት ልጆች ነን።

ለከርሞ የምንፈልገው ቀለም፣ ሐሙስ ሐሙስ ፕሮጀክተር እና የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ነው። ካርቶኖቹ አሁን ላብራቶሪው ጥግ ወለል ላይ ተደርድረዋል፤ ጣሪያው ደግሞ ያፈሳል። ትርፍ ቁም ሣጥን ያላችሁ ወላጆች ክረምቱ ሳይገባ ብትነግሩን እኛው መጥተን እንወስዳለን።