ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ይጀመር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እርግዝና ለሚያቅዱ «እንቁላል የወር አበባ በጀመረ በ14ኛው ቀን ይወጣል» የሚባለው የወር አበባ ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። እንቁላል የሚለቀቀው ቀጣዩ የወር አበባ ሊመጣ 14 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው፤ ዑደቷ 35 ቀን ከሆነ 21ኛው ቀን አካባቢ ይውላል።

ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ዘግይቶ መጀመሩ ነው። በፅንሱ ጀርባ ያለው ጠፍጣፋ የህዋስ ንጣፍ እንደ ቦይ ይጎደጉድና ግራና ቀኝ ጠርዙ ተገናኝቶ ቱቦ ይሆናል፤ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩት ከዚያ ነው። ቱቦው በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ያኔ የወር አበባዋ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው፤ ብዙዎች አልተመረመሩም። ፎሊክ አሲድ ቱቦው በደንብ እንዲዘጋ ይረዳል፤ ሳይዘጋ የቀረውን ቱቦ ግን ዘግይቶ የተጀመረ ኪኒን አይዘጋውም። ስለዚህ ከመፀነስ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ጀምሮ በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም መውሰድ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ጉዳት ያለበት ልጅ ወልዳ የምታውቅ ግን ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልጋት ሐኪም ታማክር።

ጤና ጣቢያዎቻችን ክንዷ ላይ የተቀበረውን የወሊድ መከላከያ ልታስወጣ ለመጣች፣ መውለድ ለምትፈልግ ሴት ኪኒኑን ያኔውኑ ይስጧት።

የማህፀንና ፅንስ ባለሙያዎች