የሸጣችሁልኝ ትራክተር ሰዓት ቆጣሪው ተቀይሯል፤ ሞተሩም ጉድለቱ ተደብቆ ነው የተሸጠልኝ

ለ፦ ያገለገሉ ትራክተሮችና የእርሻ መሣሪያዎች ሽያጭ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አዳማ

ጉዳዩ፦ ስለ ማሲ ፈርጉሰን 385 ትራክተር የቀረበ ቅሬታ

ጤና ይስጥልኝ። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

በመጋቢት ወር ከግቢያችሁ የገዛሁት ማሲ 385 ቆሟል። እኔ ያለሁት አርሲ፣ ኢተያ ነው። የበልግ ዝናብ ጥሎ ሰው ሁሉ መሬቱን እየገለበጠ ነው፤ የእኔ ትራክተር ግን ሞተሩ ተፈቶ ሸራ ላይ ተዘርግቷል። ስደውልላችሁ አንዴ ሥራ አስኪያጁ የሉም ትሉኛላችሁ፣ አንዴ ነገ ደውል ትሉኛላችሁ፣ በመጨረሻ ያገኘሁት መልስ ደግሞ “አይተህ፣ ነድተህ፣ ወደህ ነው የገዛኸው” የሚል ነው። እሺ፣ እንግዲያው በጽሑፍ እንነጋገር።

አዎ፣ አይቼ ነው የገዛሁት። መካኒክ ይዤ ነው የመጣሁት። ጎማውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ መሪውን፣ ፍሬኑን፣ ማርሹን አንድ በአንድ ፈትሸናል። ሊታይ የሚችለውን ሁሉ አይተናል። ቅሬታዬ እንዳይታይ ተደርጎ በተደበቀው ላይ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩ በጠቅላላ የሠራበትን ሰዓት የሚመዘግበው ቆጣሪ። 2,100 ሰዓት ገደማ ያነባል። የሚያሻሽጠው ልጅ “ባለቤቱ አንድ ሰው ነው፣ ብዙም አልተሠራበትም” ብሎናል። ቆይቶ መካኒኩ ዳሽቦርዱን ሲፈታ ከኋላ ያሉትን ሌሎቹን ጌጆች ዝገትና አቧራ በልቷቸዋል፤ ሰዓት ቆጣሪው ግን ገመዱም ብሎኑም ገና ከካርቶን የወጣ አዲስ ነው። የዚህ ማሲ ቆጣሪ በገመድ የሚዞር ሜካኒካል ዕቃ ስለሆነ ለሚያውቅ ሰው ፈቶ ሌላ መግጠም ቀላል ሥራ ነው። ቆጣሪ ይበላሻል፣ ይቀየራል፣ እሱ ነውር የለውም። ነውሩ መቀየሩን ሳይናገሩ፣ አዲሱ ቆጣሪ ያነበበውን ቁጥር የትራክተሩ ዕድሜ ነው ብሎ መሸጥ ነው። መኪና በኪሎ ሜትር ይገመታል፣ ትራክተር በሰዓት። ዋጋ የተደራደርነው በዚያ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ውሸት ከሆነ ዋጋውም ውሸት ነው።

ሁለተኛው ሞተሩ ነው። ያን ቀን በጠዋት ግቢያችሁ ስንደርስ ሞተሩ ሞቆ ነበር። ለሌላ ደንበኛ አስነስተነው ነው ተባልን፤ አመንን። የደከመ የናፍጣ ሞተር ጉዱ የሚወጣው በብርድ ሲነሳ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ፣ ሥራችሁ ነው። ትራክተሩ ማሳ ገብቶ ባለ 3 ዲስክ ማረሻውን መረሬ መሬት ውስጥ ሲያወርድ መጀመሪያ ደህና ጎተተ። ከሰዓት በኋላ ጉልበቱ ወረደ። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፣ በሞተሩ መተንፈሻ ደግሞ ጭሱ ከዘይት ጋር እየተቀላቀለ ይተፋል። በነጋታው ቀዝቅዞ ሳለ ከሥር የቀዳነው ዘይት እንደ ማር እየተዝለገለገ ነው የወጣው። ጭስ እንዳያሳይ ማወፈሪያ ተጨምሮበታል አለኝ መካኒኩ። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ሲነሳ ደግሞ ፒስተኑ የሚመላለስበት አንደኛው ካሚሻ ተጭሮ ጥፍር ሲያልፍበት ይይዛል፣ የፒስተኑ ፋሻም (ቀለበቱ) ከሁለት ተሰብሯል። እንዲህ ያለ ጉዳት ማሳ ላይ ባረስኩባቸው ጥቂት ቀናት አይመጣም። ፎቶውን ሁሉ አንስቻለሁ፣ ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ።

ሃይድሮሊኩም ከዚያው ነው። ቀዝቃዛ ሳለ ማረሻውን ያነሳል፤ ዘይቱ ሲሞቅ ማረሻው እየተንሸራተተ መሬት ይነካል። ግቢያችሁ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ አንስታችሁ ስታሳዩን ይህ ሊታወቅ አይችልም።

ማሲን አልወቅስም። ባለ 4 ሲሊንደሩ ፐርኪንስ ሞተር ጠንካራ ነው፣ ለዚህ አገር መሬት ተሞክሮ ያለፈ ነው፣ መለዋወጫውም መካኒኩም እኛው አካባቢ ይገኛል። ስለዚህም ነው የመረጥኩት። ሊብሬውም ስም ማዛወሩም በሰዓቱ አልቋል፣ በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም። ዲስክ ማረሻውም ደህና ዕቃ ነው። እውነቱን ነው የምናገረው፣ የእናንተንም እውነት እንዲሁ እፈልጋለሁ።

ውሉ ላይ “ዕቃውን ባለበት ሁኔታ አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ” የሚል ቃል አለ እያላችሁ ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2287 ተመልከቱት፤ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ለገዢው ዋስ ነው ይላል። ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭ ደግሞ እንዲህ ያለ የውል ቃል አያድነውም። ቆጣሪውን የቀየረው እጅ የሞተሩን ሁኔታ አላወቀም ብሎ የሚያምን ሰው ያለ አይመስለኝም።

እናንተ ዘንድ አንድ ትራክተር ተሸጠ፣ አለቀ። እኛ ዘንድ ግን ገንዘቡ ከወንድሞቼ ጋር ያጠራቀምነው የስንዴ ገንዘብ ነው፣ የተሸጡ በሬዎችም አሉበት። አዲስ ትራክተር የማይቀመስ ስለሆነ ነው ገበሬው ያገለገለ ፍለጋ እናንተ ጋ የሚመጣው። ለማረስ ከጎረቤቶቼ የተቀበልኩትን ቀብድ መልሻለሁ። የራሴን መሬት በሰው ትራክተር በኪራይ እያሳረስኩ ነው። ስንዴ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይዘራል፤ ከዚያ በፊት መሬቱ ደጋግሞ መታረስ አለበት። ዝናብ ደግሞ የእናንተን ቀጠሮ አይጠብቅም።

የምጠይቀው ይህ ነው። ወይ ትራክተሩን መልሳችሁ ውሰዱና ገንዘቤን ስጡኝ፤ ወይ ሞተሩንና ሃይድሮሊኩን በኦሪጅናል ዕቃ፣ እኔ በመረጥኩት ጋራዥ፣ በእናንተ ወጪ አሠሩና በትክክለኛው ሁኔታው ልክ የዋጋውን ልዩነት መልሱልኝ። ሁለቱንም ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ። “የድሮ መካኒካችን መጥቶ ይነካካዋል” የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ያንን የዘይት ማወፈሪያ ማን እንደጨመረበት እስካሁን አልነገራችሁኝም። በኪራይ ለማረስ ያወጣሁትንም ደረሰኝ ይዣለሁ፤ እሱም ይታሰብልኝ።

ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ገዢም አንድ ነገር አድርጉ። ቆጣሪው የተቀየረ ትራክተር ካላችሁ ውሉ ላይ ጻፉት። ገዢ ሲመጣም ሞተሩን በብርድ አስነሱለት። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልሱልኝ። ካልመለሳችሁ የመካኒኩን ሪፖርት፣ ፎቶዎቹንና ውሉን ይዤ ወደ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። የተፈታው ሞተር እንዳለ ነው፣ ምንም አልነካነውም። የእናንተ ሰው መጥቶ ማየት ከፈለገ ይምጣ፣ አሳየዋለሁ። ስልኬ ውሉ ላይ አለ።

ገዢው
ኢተያ፣ አርሲ