ግራ እግረኛ በቀኝ መስመር፦ ከሙኒክ ለወንድሜ

ለውድ ወንድሜ ለቢኒያም
ኮምቦልቻ

እንደምን ሰነበትክ? እማዬ፣ አባዬ፣ ሰብሊ፣ ሁላችሁም እንዴት ናችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

የላክልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። አሰልጣኙ ከግራ መስመር አንስቶ ቀኝ ላይ ስላሰለፈህ ቅር ብሎሃል፤ «ግራ እግረኛ ሆኜ እዚያ ምን ልሠራ ነው?» ብለሃል። ሮጠህ ስታበቃ ታፋህን ከኋላ በኩል እንደሚይዝህም ነግረኸኛል። በሁለቱም ጉዳይ ካለፈበት ሰው መማር ይሻላል፤ እሱም እዚህ ሙኒክ ለባየርን ክለብ አሥር ዓመት የተጫወተው ሆላንዳዊው አርየን ሮበን ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ እሱ ነው። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌልሃለሁ።

ሮበን የተወለደው በጥር 1984 በሰሜን ሆላንድ፣ ግሮኒንገን አጠገብ ባለችው ቤዱም በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ልጅ ሳለ የሠለጠነው በኩርቨር ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ የኳስ ችሎታን ወደ ትናንሽ እንቅስቃሴዎች ይከፋፍልና እያንዳንዱን እግር እስኪለምደው ድረስ ያስደጋግማል። በታኅሣሥ 2000፣ በ16 ዓመቱ ለግሮኒንገን ዋና ቡድን ተሰለፈ። በ2002 ፒኤስቪ የተባለው የሆላንድ ክለብ በ3.9 ሚሊዮን ዩሮ ወሰደው፤ በመጀመሪያው ዓመቱም የሆላንድን ሊግ አነሳ። ልብ በል፤ በዚያን ጊዜ የግራ መስመር ተጫዋች ነበር፣ ልክ እንዳንተ። መስመሩን ይዞ ይሮጣል፣ ከጥግ ያሻማል።

በ2004 ወደ እንግሊዙ ክለብ ቼልሲ ገባ። ገና የዝግጅት ጨዋታ ላይ እያለ እግሩ ተሰብሮ የውድድር ዘመኑን መጀመሪያ ውጭ አሳለፈ። ሲመለስ ግን በአሰልጣኝ ሞሪንሆ ቡድን ከዴሚየን ዳፍ ጋር ሁለት ክንፍ ሆኑ። ዳፍም ግራ እግረኛ ነው። ሁለቱ በጨዋታ መሀል ቦታ ይለዋወጡ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሮበን ግራ፣ አንድ ጊዜ ቀኝ። ቼልሲ በዚያ ዓመት በ95 ነጥብ፣ 15 ጎል ብቻ ተቆጥሮበት፣ ከ50 ዓመት በኋላ ሊጉን በላ። በቀጣዩም ዓመት ደገመው። በ2007 ወደ ሪያል ማድሪድ ሄዶ የስፔንን ሊግም አሸነፈ። በ2009 ክረምት ማድሪድ ሮናልዶንና ካካን ሲያስፈርም ሮበን ተሸጠ፤ ባየርን 25 ሚሊዮን ዩሮ አካባቢ ከፈለበት። እኔ እንደማየው የእግር ኳስ ሕይወቱ እውነተኛው ምዕራፍ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው።

ነሐሴ 28 ቀን ፈረመ፣ በማግስቱ ከቮልፍስቡርግ ጋር በእረፍት ሰዓት ተቀይሮ ገባና ሁለት ጎል አገባ። አሰልጣኙ ፋን ኻል ግራ እግረኛውን ሮበንን ቀኝ፣ ቀኝ እግረኛውን ሪቤሪን ግራ አደረገ። ጉዳዩ እንዲህ ነው፦ ቀኝ መስመር ላይ ሆነህ ወደ መሀል ስትቆርጥ ጎሉና ተከላካዮቹ በቀኝ ጎንህ ይሆናሉ። ኳሱ ግን በግራ እግርህ፣ ከእነሱ ርቆ በወዲያኛው በኩል ነው። ትከሻህና ወገብህ በኳሱና በተከላካዩ መሀል ይገባሉ፤ ኳሱን ለመንካት አንተን መምታት አለበት። ቀኝ እግረኛ ቢሆን ግን እዚያ ሲቆርጥ ኳሱን ለተከላካዩ እያሳየ ነው የሚሮጠው። ከዚያም በላይ ወደ መሀል እንደደረስክ ጠንካራው እግርህ ለመምታት ዝግጁ ነው፤ ኳስ ማዞር፣ እግር መቀየር የለም። አሰልጣኝህ ያየው ይህንን ይመስለኛል፤ ሊጎዳህ አይደለም።

ሮበን ወደ ግራ እንደሚቆርጥ ዓለም ሁሉ ያውቅ ነበር። ይዞት የሚጫወተው ተከላካይም ያውቃል። ታዲያ ለምን ማንም አላቆመውም? ቪዲዮውን ስታይ ኳሱን ተውና የተከላካዩን እግር እይ። ሮበን በመጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ተከላካዩም ይቀንሳል። ከዚያ ቀኝ ትከሻውን ወደ መስመሩ ዝቅ ያደርጋል። ተከላካዩ ወደ ጥግ እንዳያልፈው ፈርቶ ክብደቱን በግራ እግሩ ላይ ያደርጋል። ያ እግር መሬት በነካበት ቅጽበት ሮበን ኳሱን በግራ እግሩ ውጫዊ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ተከላካዩ ለመመለስ አንድ እርምጃ ያስፈልገዋል፤ ሮበን የሚፈልገውም ያቺን አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ምስጢሩ ወዴት እንደሚሄድ መደበቁ ላይ አይደለም፤ መቼ እንደሚሄድ ማንም አያውቅም።

ሁለተኛው ነገር የባየርን ቀኝ ተከላካይ የነበረው ፊሊፕ ላም ነው። ላም ከኋላው ተነስቶ በውጭ በኩል ሲያልፍ ተከላካዩ ሁለት ሰው መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። የቀኝ መስመር ተከላካያችሁ የማይወጣ ከሆነ ያንተ መቁረጥ ግማሽ ኃይሉን ያጣል። ከጨዋታ በፊት አነጋግረው፤ ኳስ ስትቀበል ሳይሆን ኳስ ወደ አንተ መምጣት ስትጀምር ይነሳ። (እግረ መንገዴን፣ አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው ቴዎዶር ገብረሥላሴ በቬርደር ብሬመን ቀኝ ተከላካይ ስለነበር ባየርን ሲመጣ በብዛት የሚጠብቀው ሪቤሪ ነበር። እሱንም ፈልገህ እየው፤ ሳይወድቅ፣ ሳይቸኩል የሚከላከል ልጅ ነበር።)

አሁን ልምምዱ። ከጎሉ መስመር 30 ሜትር ርቀህ፣ ከጎን መስመሩ 5 ሜትር ገባ ብለህ ጀምር። ከፊትህ 7 ወይም 8 ሜትር ላይ ተከላካይ የሚሆን እንጨት ትከል ወይም ጀሪካን አቁም። ከጀሪካኑ ሁለት ሜትር ሲቀርህ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ትከሻህን ጣል፣ በውጫዊው ጠርዝ ቁረጥ። ከዚያ በየእርምጃው አንድ ጊዜ ኳሱን እየነካህ በሦስት ወይም በአራት ንክኪ ወደ ሳጥኑ ጠርዝ ድረስና ምታ። በአንድ ዙር 8 ጊዜ፣ በጠቅላላው 3 ዙር ይበቃል። በእያንዳንዱ ምት መሀል አንድ ደቂቃ ያህል እረፍ፤ ደክሞህ ከደጋገምከው ሰውነትህ የሚለምደው የደከመውን አሠራር ነው። ከ8ቱ ሁለቱን ሳትቆርጥ ወደ ጥግ እለፍና አሻማ። ያ ከሌለ ተከላካዩ ጥግ ጥጉን ጥሎልህ ውስጡን ይዘጋዋል።

የሚበላሸው የት እንደሆነም ልንገርህ። የመጀመሪያው ንክኪ ከረዘመ ሁለተኛው ተከላካይ፣ ብዙ ጊዜ አማካዩ፣ ይወስድብሃል። ስትቆርጥ ከጎሉ መስመር ጋር ትይዩ ከሮጥክ ደግሞ ምትህ ሁልጊዜ የሰው እግር ላይ ነው የሚያርፈው፤ በትንሹ ወደ ጎል እያዘነበልክ ቁረጥ። ኳሱ ከአግዳሚው በላይ የሚሄድብህ ደረትህ ወደ ኋላ ስለሚተኛ ነው፤ የቆመው ቀኝ እግርህ ከኳሱ ጎን ይሁን እንጂ ከኋላው አይቅር። በእግርህ ውስጠኛ ጎን ስትመታ ከሩቁ ቋሚ ውጭ አልም፤ የግራ እግር ምት ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚታጠፍ ራሱ ተመልሶ ይገባል። በረኛው ያንን ገምቶ ቀድሞ ከተነቃነቀ በቅርቡ ቋሚ በኩል ጠንክረህ ምታ።

በመጋቢት 2010 ፊዮረንቲና ላይ ያገባውን ፈልግ። ከቀኝ ቆርጦ ከሳጥኑ ርቆ መታው፣ ከላይ ጥግ ገባ፤ ባየርንን በተጋጣሚ ሜዳ በተቆጠረ ጎል ብልጫ ያሳለፈው እሱ ነው። በቀጣዩ ዙር ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ያገባው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ሪቤሪ የማዕዘን ምቱን ሰው ወደተከማቸበት አላሻማም፤ ከሳጥኑ ውጭ ብቻውን ለቆመው ሮበን በቀጥታ ላከለት፣ ኳሱ መሬት ሳይነካ በግራ መታው። ይህን ከጓደኞችህ ጋር ልትለማመዱት ትችላላችሁ፤ የሚያስፈልገው የሚያሻማው ልጅ ትክክለኛነትና ያንተ ዘግይቶ መድረስ ብቻ ነው።

ከዚያ ክፉ ዓመታት መጡ። በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በ62ኛው ደቂቃ ከስፔኑ በረኛ ከካሲያስ ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኘ፤ ካሲያስ ተሳስቶ ወድቆ ሳለ ኳሱን በእግሩ ጫፍ አወጣበት። ስፔን 1 ለ 0 አሸነፈች። በግንቦት 2012 በገዛ ሜዳቸው እዚሁ ሙኒክ በቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በጭማሪው ሰዓት ፍፁም ቅጣት ምት መታ፣ የቼልሲው በረኛ ቼክ ያዘበት፤ ዋንጫውን ቼልሲ ወሰደ። ከሦስት ቀን በኋላ ባየርንና ሆላንድ የወዳጅነት ጨዋታ ሲያደርጉ የባየርን ደጋፊ ራሱ በፉጨት አዋረደው። ያ ደጋፊ ትክክል አልነበረም፤ ፍፁም ቅጣት ምት መሳት ክህደት አይደለም።

በዓመቱ በዌምብሌይ ከዶርትሙንድ ጋር በፍጻሜው ተጫወተ። በመጀመሪያው አጋማሽ ግልጽ ዕድሎችን ሳተ፤ አንዱ የዶርትሙንዱ በረኛ የቫይደንፌለር ፊት ላይ ነው ያረፈው። ሆኖም መሮጡን አላቆመም። ለቡድን ጓደኛው ለማንጁኪች ጎል አመቻችቶ ሰጠ፣ በ89ኛው ደቂቃ ሪቤሪ በተረከዝ ሲያሾልክለት በተከላካዮቹ መሀል አልፎ በረኛው ወደ ሌላ ጎን ሲያዘነብል በቀስታ ነካት። ጎል! እንደ ሌሎቹ ጎሎቹ ኃይለኛ ምት አልነበረም፤ ኳሷ እየተንከባለለች ነው የገባችው። 2 ለ 1። ባየርን በዚያ ዓመት ሦስቱንም ዋንጫ፣ ሊጉን፣ የጀርመን ዋንጫንና ቻምፒዮንስ ሊግን፣ ሰበሰበ።

በ2014 የዓለም ዋንጫ ሆላንድ ስፔንን 5 ለ 1 ስታሸንፍ ሁለት አገባ። ሁለተኛዋ ጎል ከስናይደር ረጅም ኳስ ተነስቶ ተከላካዩን ራሞስን በሩጫ ጥሎት ካሲያስን አልፎ ያገባት ናት፤ 30 ዓመቱ ነበር። ሆላንድ ሦስተኛ ወጣች፣ ሮበን ከሜሲና ከሙለር ቀጥሎ ለውድድሩ ሦስተኛ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የነሐስ ኳስ ተሸለመ። በሜክሲኮ ጨዋታ ግን በመጀመሪያው አጋማሽ ሆን ብሎ መውደቁን ራሱ አምኗል። ይህንን እንድትወርስ አልፈልግም፤ ዳኛ አንዴ «አስመሳይ ነው» ብሎ ከያዘህ እውነተኛ ጥፋት ሲሠራብህም አይነፋልህም። ለሀገሩ 96 ጨዋታ ተጫውቶ 37 ጎል አስቆጠረ፤ የመጨረሻው በጥቅምት 2017 ስዊድን ላይ ሁለት አግብቶ ነው፣ ሆላንድ ግን ለዓለም ዋንጫው አላለፈችም። ባየርንን በ2019 ሲሰናበት 309 ጨዋታና 144 ጎል፣ ስምንት የሊግ ዋንጫ ነበረው። በ2020 ግሮኒንገንን ልርዳ ብሎ ተመለሰ፤ ባቱ ግን እንቢ አለውና በሐምሌ 2021 አቆመ።

ወደ ታፋህ ልመለስ፤ ዋናው ጭንቀቴ ይሄ ነው። ሮበን ሰኔ 2010፣ ለዓለም ዋንጫው ሊሄዱ ሲሉ፣ ከሃንጋሪ ጋር በተረከዝ ሊያቀብል ሲል ያው የኋላ ታፋው ተጎዳ። ቸኩሎ ወደ ውድድሩ ገባ፣ እስከ ፍጻሜ ተጫወተ። ሲመለስ ባየርን ሲመረምረው ጡንቻው አልዳነም፤ ግማሽ የውድድር ዘመን አለፈው። የኋላ ታፋ የሚበጠሰው በሙሉ ፍጥነት ስትሮጥ እግርህ ወደፊት ተዘርግቶ መሬት ሊነካ ሲል ነው፤ ጡንቻው እየተለጠጠ እግሩን ሊያቆም ይታገላል። ስለዚህ ማጠንከር ያለብህ እየተለጠጠ ሳለ ነው። ተንበርከክ፣ ጓደኛህ ቁርጭምጭሚትህን ይያዝ፣ ከጉልበትህ እስከ ራስህ ቀጥ ብለህ በተቻለህ መጠን በዝግታ ወደፊት ውረድ፤ መያዝ ሲያቅትህ በእጅህ ተቀበል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ 2 ዙር 5 ጊዜ። በሁለተኛው ሁለት ቀን፣ 2 ዙር 6 ጊዜ። በሦስተኛው ሦስት ቀን፣ 3 ዙር ከ6 እስከ 8። በአራተኛው 3 ዙር ከ8 እስከ 10። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን 3 ዙር፣ በመጀመሪያው 12፣ በሁለተኛው 10፣ በሦስተኛው 8 ጊዜ። ወገብህን አትጠፍ፤ ወገብ ከታጠፈ ሥራው ከታፋው ይሸሻል። በጨዋታ ዋዜማ አትሥራው። ይህን የምትጀምረው ግን ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ከለቀቀህ በኋላ ነው። አሁን የሚይዝህ ከሆነ ሩጫ አቁምና ሐኪም ይይህ፤ ለአሰልጣኙም አትደብቀው።

ታኬታ እልክልሃለሁ፤ የእግርህን ቁጥር በሴንቲ ሜትር ለካና ጻፍልኝ። ሜዳችሁ ደረቅ አፈር ስለሆነ ረጅም ጥርስ ያለው አይሆንህም፤ ስትቆርጥ መሬት ነክሶ ይቀራል፣ ጉልበትህ ብቻውን ይዞራል። ብዙ አጫጭር ጥርስ ያለውን እፈልጋለሁ። ልምምዱን ስትጀምር ሰብሊ ከጎሉ ኋላ ቆማ በስልክ ትቅረጽህ፤ ከጎን የተቀረጸ ትከሻህ መቼ እንደሚወርድ አያሳይም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ለአባዬም ብሩን በሳምንቱ መጨረሻ እንደምልክ ንገረው።

ወንድምህ ዳዊት
ሙኒክ፣ ጀርመን