ወደ ደላንታ ከመውጣትሽ በፊት

ደሴ፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያዝ አድርጓት ነበር፤ አሁን ተሽሏት ዛሬ ገበያ ወርዳለች። ጦሳ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጉም እንደለበሰ ነው። ክረምቱ ገባ።

ባለፈው ሐሙስ ደውለሽ፣ ከጓደኞችሽ ጋር በበጎ ፈቃድ ደላንታ ገጠር ለነፃ ህክምና እንደምትወጪ ስትነግሪኝ ደስታዬን በወጉ አልገለጽኩልሽም። መስመሩም ይቆራረጥ ነበር፣ እኔንም ሆዴን ባር ባር አለኝ። 31 ዓመት በነርስነት ስሠራ ለእንዲህ ያለ ዘመቻ ስንት ጊዜ እንደወጣሁ ታውቂያለሽ። በስልክ የማይባለውን ስለጻፍኩልሽ የጎረቤታችን ልጅ ጎንደር ሲመለስ በእጁ ያደርስልሻል። ረዘመ ብለሽ አትተዪው።

መጀመሪያ ስሙን ላንሳ። እናንተ «የጤና ካምፕ» ትሉታላችሁ። ገበሬው ፊት ግን «ነፃ ህክምና» በሉት። ወሎ ውስጥ ዕድሜው ከገፋ ሰው ፊት ካምፕ ሲባል የሚታወሰው ሌላ ነው። በ1977 ዓ.ም. እኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ኮረም ሜዳ ላይ፣ በየመጠለያው፣ ሰው በረሃብና በተስቦ እንዴት እንደረገፈ ያየ ዓይን ያንን ቃል አይወደውም። አንድ ጊዜ አንዲት እናት «ካምፕ ከሆነስ የልጅ ልጆቼን ይዤ አልገባም» ብለው ከበር ሲመለሱ አይቻለሁ። ለምነን ነው ያስገባናቸው።

ደላንታ ላይ ከሁሉ በላይ የምታዪው ዓይን ነው። ሴቶቹ «ዓይኔን ጠጉር ይወጋኛል» ይሉሻል። ትራኮማ በልጅነት ደጋግሞ ይይዝና የዓይን ቆቡን ከውስጥ ያጠባሳል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይኑን ይፍቃል። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ የሚበረታው ሕፃን የምታቅፈው፣ የልጅ ፊት በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርገው እሷ ስለሆነች ነው። ብዙዎቹ አንገታቸው ላይ በክር ያንጠለጠሏት ትንሽ ወረንጦ አለች፤ ክርስቲያኗ ከማተቧ ጋር አብራ ታስራታለች። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጎረቤት ለጎረቤት ጠጉር ሲነቃቀሉ ታገኛለሽ። ቁጣ አያስፈልግም፤ ያላቸው መድኃኒት እሱ ብቻ ስለነበር ነው። የተነቀለው ጠጉር አጭርና ሸካራ ሆኖ እንደሚመለስና ዓይኑን ይበልጥ እንደሚፍቀው ግን ረጋ ብለሽ ንገሪያቸው።

ቀዶ ህክምናው ቀላል ነው። ማደንዘዣ ተወግታ፣ የሠለጠነ ነርስ ቆቡን ወደ ውጭ መልሶ ይሰፋዋል፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከባዱ እሺ ማሰኘቱ ነው። «ዓይናችንን ሊያወጡት ነው» የሚል ወሬ ከእናንተ መኪና ቀድሞ ይደርሳል። ይህን ወሬ በማይክሮፎን አትረቱትም። አምና ካቻምና ተሠርታ የዳነች አንዲት ሴት ከዚያው ቀበሌ ፈልጉና በሩ አጠገብ አስቀምጧት፤ ያቺ ሴት ከእናንተ ሁሉ ትበልጣለች። ደግሞ የመጀመሪያዋ ሴት አልጋ ላይ ሳትወጣ፣ ክሩን ማን እንደሚያወጣላት ጠይቂ። ክሩ ከሳምንት በኋላ ነው የሚወጣው፤ እናንተ ደግሞ በአምስተኛው ቀን ትሄዳላችሁ። የጤና ጣቢያው ሰው በስም ታውቆ፣ ቀኑ ተቆርጦ፣ በወረቀቷ ላይ መጻፍ አለበት። «አይ፣ ያወጡላታል» የሚል መልስ ከሰጡሽ አትቀበዪ።

ሕፃናቱን በቁመት እየለኩ የትራኮማውን መድኃኒት ዚትሮማክስ ሲሰጡ አይተሽ ታውቂያለሽና አልደግመውም። ስለ ፊት መታጠብ ግን አንድ ነገር ልበል። እንስራ አዝላ ቁልቁለት ወርዳ፣ ዳገት ወጥታ ውሃ ለምትቀዳ ሴት «የልጅሽን ፊት በቀን ሁለቴ እጠቢ» ብሎ መሄድ ድፍረት ነው። ይልቅ በአንድ ስኒ ውሃ ፊት እንደሚታጠብ አሳዪያት። የሃይላንድ ፕላስቲክ ከታች በመርፌ በስተሽ ደጃፏ ላይ ስቀዪላት፤ ውሃው በጠብታ ይወርዳል፣ ልጆቹም እንደ ጨዋታ ይታጠቡበታል። አንድ ክረምት እንዲህ ያደረግንበት ቤት በዓመቱ ስመለስ ፕላስቲኩ ተቀይሮ አዲስ ተሰቅሎ አገኘሁት። ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ያንን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ደም ብዛት ስትለኪ አትቸኩዪ። ሰውየው ሦስት ሰዓት ዳገት ወጥቶ፣ መጀመሪያ ልድረስ ብሎ ተጋፍቶ፣ ነጭ ጋዋን ፊት ሲቆም የላይኛው 160 ቢያሳይ ምን ይገርማል? ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩ መሬት ይንካ፣ ክንዱ ከልቡ ትክክል ይሁን። ቡና ጠጥቶ እንደመጣ ጠይቂው። ሁለት ጊዜ ለኪ። በአንድ ልኬት ብቻ «ደም ብዛት አለብህ» ብለሽ አንድ ሰው ብታስደነግጪ እሱ ቤት ገብቶ ዓመቱን ሙሉ ይታመማል። ጨው ቀንስ ስትዪውም ቡናውን በጨው የሚጠጣ ቤት መሆኑን አስቢ፤ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ቁጠሪና ከዚያ ጀምሪ።

እውነተኛ ደም ብዛት ወይም ስኳር ያለበት ስታገኚ ደግሞ የ30 ቀን ኪኒን ሰጥቶ መሰናበት ህክምና አይመስለኝም። በ31ኛው ቀን ምን ይሁን? «ተሽሎኛል፣ መድኃኒቱም አልቋል» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ያንን መድኃኒት ይዞ እንደሆነ ደውላችሁ አጣሩ። በ2014ቱ ጦርነት በእኛ አካባቢ ብዙ ጤና ጣቢያ ተዘርፎ፣ መድኃኒቱም ዕቃውም እንደወጣ ታውቂያለሽ። «ጤና ጣቢያ ሂድ» ብለሽ ባዶ ቤት ከላክሽው ሁለተኛ አያምንሽም። የጤና መድን መታወቂያ እንዳለውም ጠይቂ። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ የኛዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ ሐይቅ ጤና ጣቢያ ላይ ሰው «ሳልታመም እንዴት እከፍላለሁ» እያለ ሲከራከር አስታውሳለሁ። ዛሬ ያ ደብተር ያለው ገበሬ ከናንተ መኪና በኋላም ሐኪም አለው ማለት ነው። የቀበሌዋን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከጎንሽ አትለዪያት። ማን የት እንደሚኖር፣ ማን አልጋ ላይ እንደቀረ የምታውቀው እሷ ናት። እናንተ ስትሄዱ የምትቀረውም እሷ ናት።

አሁን እኔ ያልቻልኩትን ልንገርሽ። ይህንን ከአባት አፍ መስማት ይከብድሽ ይሆናል፤ ነርስ ሆነሽ ስሚው። ሴቶች እኔ ዘንድ መጥተው «ወገቤን» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የወገብ ኪኒን እሰጣለሁ። ከዓመታት በኋላ አንዲት አዋላጅ ባልደረባዬ ከእኔ ወንበር የተነሱትን ሴቶች ወደ ጓሮ ወስዳ ስትጠይቃቸው፣ ከመካከላቸው ማህፀናቸው የወጣ፣ ሽንት የማይቋጥሩ፣ ለባላቸውም ያልተናገሩ ተገኙ። ስንቷን ፓራሲታሞል ሰጥቼ እንደሸኘሁ አላህ ያውቃል። አንቺ ሴት ነሽ፤ ለእኔ ያልነገሩኝን ለአንቺ ይነግሩሻል። ግን ሰልፉ ፊት አይነግሩሽም። ከክፍሉ ጥግ አንድ ጋቢ ሰቅለሽ ከልዪ፣ አጃቢ አስወጪ፣ በዕድሜ የገፉትን «እናቴ» ብለሽ ቀስ ብለሽ ጠይቂ። ለአንዲት ሴት ሩብ ሰዓት ብትሰጪ አስተባባሪው ቁጥር ቀነሰ ብሎ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ።

በደላንታዋ ከተማ በወገልጤና ዙሪያ፣ ገደል ላይ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ የሚቆፍሩ ጎረምሶችም አሉ። እነሱ ለመታከም አይመጡም። ካገኘሻቸው ስለ ሳል ጠይቂያቸው።

ከዚህ በታች ያለውን ሳልጽፍ ደብዳቤውን ላሽገው ብዬ ነበር፤ እናትሽ «ለሷ ካልነገርክ ለማን ልትነግር ነው» አለችኝ።

በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ደላንታ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሦስት ቀን ሠራን። በመጨረሻው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ዕቃ እየጫንን ሳለ አንዲት አሮጊት በዘጠኝ ዓመት ልጅ እየተመሩ መጡ። ልጅቷ የበትሩን አንድ ጫፍ ይዛለች፣ እሳቸው ሌላውን። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ነበር፤ ከሩቅ ይታያል። «ጉም ውስጥ ነው ያለሁት ልጄ» አሉኝ። የሚድን ዕውርነት እንደነበር በመጀመሪያው እይታ ነው ያወቅኩት። ሞራውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ነው፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሚሠራ ነው። ግን ደክሞኝ ነበር፣ ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋል፣ ገና ብዙ ሰው ግቢ ውስጥ ይጮሃል። «ነገ ይምጡ እናቴ» አልኳቸው። ነገ እንደማንኖር እያወቅኩ። ዝም እንዲሉልኝ ብዬ ነው። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። «ከክፉ ይጠብቅህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ» አሉኝ። ያኔ አንቺ የልጅቷ እኩያ ነበርሽ።

በዓመቱ ለክትባት ሥራ ወጥቼ ወገልጤና ገበያ ላይ ልጅቷን አየኋት፤ እሷ ናት ያወቀችኝ። «አያቴ እኮ በነጋታው መጣች» አለችኝ። ቂም የለባትም፤ እንዲሁ ወሬ ስትነግረኝ ነው። «እስከ ማታ ተቀመጥን። በኋላ ዘበኛው ነው ሂዱ ያለን።» አሁን እንዴት ናቸው አልኳት። «ቤት ናት። ቤት ውስጥም ዳብሳ ነው» አለችኝ። ለቦሩ ሜዳ ወረቀት ጻፍኩላት፣ የትራንስፖርትም ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሆስፒታሉ ድረስ ሄጄ መዝገቡን አስፈልጌያለሁ። አልመጡም።

ማለት የነበረብኝን አሁን አውቀዋለሁ። «እናቴ፣ ዛሬ አይደርስዎትም፤ ነገም እዚህ አንኖርም። ዓይንዎ ግን የሚድን ነው፤ የሚሠራበትም ቦታ ይሄ ነው፤ ይህን ወረቀት ይያዙ» ማለት ነበር። ስማቸውንና ጎጣቸውን በደብተር መዝግቦ ለጤና ኤክስቴንሽኗ መስጠት ነበር። ሁለት ደቂቃ አይወስድም። ልጄ፣ አንቺም ይደክምሻል። በሦስተኛው ቀን ማታ ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ያኔ አፍሽ «ነገ» ሊል ሲል ያዢው።

በልጁ እጅ በሶ፣ ወፍራም ካልሲና የእጅ ባትሪ ልኬልሻለሁ፤ ደላንታ ሐምሌ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የእኔንም የደም ግፊት መለኪያ ጨምሬዋለሁ፤ ጨርቁን እናትሽ አጥባዋለች፣ ልኬቱንም ከሆስፒታሉ ጋር አስተያይቼዋለሁ። መኪና ገደሉን ሲወርድ አትተኚ። ስትደርሺ ደውዪ፤ ኔትወርክ ከሌለ ወደ ወገልጤና ለሚወርድ ሰው መልእክት ስጪ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርሽ። እግራችሁ ያንን አካባቢ ከረገጠ፣ ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ትልቅ ባሕር ዛፍ ነበር፣ ከበስተጀርባው ገደል ነው። ጤና ኤክስቴንሽኗን ጠይቂልኝ። አሮጊቷ በሕይወት መኖራቸውን እጠራጠራለሁ። ልጅቷ ግን 20 ዓመት ሆኗታል፤ ቀኝ ቅንድቧ ላይ የቆየ ጠባሳ አላት። ስሟን ያኔ አልጠየቅኳትም። ካገኘሻት፣ «ነገ ይምጡ ያለው ነርስ አባቴ ነው» በያት፤ የምትልሽን ሁሉ ሳትቀንሺ ንገሪኝ።

አባትሽ